በሞቴ ያላለኝ ሰው

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄ ጥርስ ስታበቅል መሆኑንም አውቃለሁ። ቁጥሩን ግን ብትገርፉኝም አላመጣው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው እሁድ ነው። ቤቴል ሰፈር፣ እዚያችው ያኔ ጥርስ ታበቅል የነበረችው ልጄ ቤት ሄጄ፣ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሻይ ላምጣልዎ?» አለችኝ። ከአየር ጤና ታክሲ አጥቼ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። «አይ፣ አትቸገሪ ልጄ» አልኳት። «እሺ» ብላ ስልኳን ይዛ ቁጭ አለች። እናቷ ከጓዳ ሰምታ፣ «አንቺ፣ አይ ስላሉሽ ዝም ትያለሽ እንዴ!» ብላ ጮኸችባት። «አልፈልግም አሉ እኮ እማዬ!» ልጅቷ እውነቷን ነው። ሳቄ መጣና መሃል ላይ ቀረ።

ያኔ ከ18 ማዞሪያ ጀርባ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ጫማ እንሠራ ነበር። ማኅበር ነበርን። ሶሉን የምንሰፋው በወስፌ፣ በእጃችን ነው፤ አንድ ሰው ከጧት እስከ ማታ ቢታገል ከሁለት ጥንድ አያልፍም። አየር ጤና ላይ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ጫማ ሸራ ላይ ተዘርግቶ መሸጥ ጀመረ፤ የእኛን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ኤርጫፎ፣ «ሶል መስፊያ ማሽን ካላገኘን የከርሞውን መስቀል አብረን አንውልም» ይሉ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ከየአገሩ ባለሙያ ሰብስቦ ጣሊያን አገር የእጅ ሥራ ቤቶችን ሊያስጎበኝ ነው ተባለ። ዕጣው ለእኔ ወጣ። የእግሬን ጫማ አይተው ሁሉም ሳቁብኝ። «ጫማ ሠሪ ነኝ ብሎ በዚህ ሊሄድ ነው? ያዋርደናል!» ተባለና አሥራ አንዳችንም የተሳተፍንበት አንድ ጥንድ ጫማ ተሠራ። ጋሽ ኤርጫፎ ቆዳውን ቆረጡ፤ በመካከላችን ያለችው አንዲት ሴት ቶማያውን፣ ማለት የላዩን ክፍል፣ ሰፋች፤ ሶሉን የቀረነው እየተቀባበልን ወጋነው። ሲሸኙኝ ጋሽ ኤርጫፎ ክንዴን ይዘው፣ «ማሽን የሚሰጥ ካገኘህ አፍህን እንዳትይዝ። ዓይነ አፋርነትህን ቦሌ ጥለኸው ሂድ» አሉኝ።

ጣሊያን የደረስነው የእኛ አደይ በሚፈካበት ሰሞን ነው፤ እዚያ ግን ቅጠሉ ይረግፋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ ወይን ነው። ስድስት ነበርን። ከእኔ ጎን የማይለየው ጁማ የሚባል የታንዛኒያ ጫማ ሠሪ ነው፤ በቋንቋ አንግባባም፣ ግን እጃችን ላይ ያለው ጠባሳ አንድ ዓይነት ነው። አስተርጓሚዬ ክላራ የምትባል አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረች ጣሊያናዊት ልጅ ናት፤ ያልኩትን አንድም ሳታጎድል፣ አንድም ሳትጨምር ታደርሳለች።

ከጎበኘናቸው ሁሉ የማልረሳው የሲኞር ጂኖ ቤት ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሠሩት ከመኖሪያቸው ሥር ነው። በሩ ሲከፈት የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ተቀበለኝ፤ 18 ማዞሪያ የደረስኩ መሰለኝ። ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት እግር አንስቼ «ፎርማ» ስል፣ ሰውየው ደንግጠው «ፎርማ!» አሉ። «ቶማያ» ስል «ቶማያ!» አሉ። ለካ ስሙን ሁሉ ከእነሱ ነው የወሰድነው። ከዚያ ዓይናቸው እግሬ ላይ አረፈ። አስወለቁኝ። በካልሲ ቆሜ፣ ጫማዬን ገልብጠው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«ማን ነው የሠራው?»

«አሥራ አንዳችን» አልኳቸው።

ምሳ ዳቦ ከወይራ ዘይት ጋር፣ ፓስታም በላን። ከምሳ በኋላ ወደ ጥግ ወስደውኝ አንድ ጨርቅ ገፈፉ። ሶል መስፊያ ማሽን ነው። አሮጌ ነው፣ ግን ዘይት ጠጥቶ ያበራል። ልባችን የተሰቀለበት ዕቃ ነበር።

ክላራ ተረጎመች፤ «ልጆቻቸው ሙያውን አልፈለጉም። ለገና ሥራ ቤቱን ይዘጉታል። ይህን ለእርስዎ ልስጥ ይላሉ፤ ማጓጓዣውን ድርጅቱ ይችላል። ይወስዱታል?»

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ አይሆንም! እንዴት ተደርጎ! ያሳደገዎት ዕቃ እኮ ነው፣ ይቅር» አልኩ።

እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ስትባል ራብ ቢገድልህም «በልቻለሁ» ትላለህ። ባለቤቱ ይጎትትሃል፤ አሁንም እንቢ ትላለህ። «በሞቴ!» ሲልህ ያኔ እጅህን ትታጠባለህ። በአንድ ጊዜ የሚዘረጋ እጅ የስግብግብ ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ሲኞር ጂኖ በሞቴ እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

አላሉም። ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ። ጨርቁን መልሰው ሊያለብሱት ከጀመሩ በኋላ ወደ ጁማ ዞሩ። የእሱ አስተርጓሚ ተናግሮ ሳይጨርስ ጁማ ሰውየውን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲኞር ጂኖ ወዲያው የጁማን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው በክር ማሽኑ ላይ አሰሩት።

አውቶቡስ ውስጥ ክላራን «ፈልጌው ነበር እኮ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አይ አሉ?»

«እንደገና ቢሉኝ እሺ እል ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልደውልላቸው? አሁኑኑ ልንገራቸው?»

ጁማን አየሁት። ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ ፈገግ እንዳለ ተኝቷል። «ተዪው» አልኳት። እሷም እንደ ባህሏ ተወችው።

አገሬ ስገባ ሁሉም ሥራ አቁመው ጠበቁኝ። «ማሽኑስ?» አሉኝ። «ይልካሉ» አልኩ። ይህች ቃል ከመጀመሪያዋ «አይ» የባሰች ሆነች። በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ ተጸዳ፤ ማሽኑ እንዳይነቃነቅ ተብሎ ሲሚንቶ ተለሰነ። በየቀኑ ጧት ያንን ባዶ ሲሚንቶ እያየሁ እቀመጣለሁ። ክረምት ገባ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ «ዛሬ መልእክት አልመጣም?» ይሉኛል። ምሳ አብሬያቸው መብላት ተውኩ፤ ውጭ፣ ጣራው ጥግ ሥር ብቻዬን እቆማለሁ።

አንድ ቀን ያቺ ቶማያ የምትሰፋው ሴት ቆጮ በጎመን ይዛ መጣች።

«ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ማሽኑ አይመጣም፣ አይደል?» አለችኝ ድንገት።

ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀህ?» አለች።

«አንድ ጊዜ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብላ ተቆጣች። «እኔም ብሆን ይቅር ነበር የምለው። በል አሁን ብላ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

በላሁ። እንባዬ ከጎመኑ ጋር ይገባል። ከዚያ እጄን ይዛ አስገባችኝና ለሁሉም ስናገር ከጎኔ ቆመች። ጋሽ ኤርጫፎ ሲሚንቶው ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ብዙ ጊዜ ተቀመጡ።

ለመስቀል ማኅበሩ ፈረሰ። ጋሽ ኤርጫፎ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሌላው ተበተነ። እኔ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ እዚያው 18 ማዞሪያ ፌርማታ አጠገብ ጫማ ስጠግን ኖርኩ፤ የጠገንኩት ሁሉ ያ ከውጭ የሚገባው ጫማ ነው። ማሽኑ ቢመጣ ያድነን ነበር ወይ? እንጃ። እንኳን እኛ ሲኞር ጂኖም በዚያው ማሽን አልዳኑም። ግን ሞክረን ብንወድቅ ኖሮ ውድቀቱ የአሥራ አንዳችን ይሆን ነበር፤ አሁን የእኔ ብቻ ነው።

እሁድ ዕለት ሻዩ በመጨረሻ መጣ፤ ቀዝቅዟል። የልጅ ልጄን «አንቺ ስትጠየቂ እሺ በዪ» ልላት ፈለግሁ። ከመናገሬ በፊት «አባባ፣ ልድገምዎ?» አለችኝ። «አይ፣ ይበቃኛል» አልኳት፤ እሷም ብርጭቆውን አነሣች። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ አልተማርኩም። ሲኞር ጂኖን አልወቅሳቸውም፤ ሊሰጡኝ ፈልገው እንቢ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያቺን ሴት ግን፣ ዛሬ በሕይወት ባትኖርም፣ ስሟን ሳልጠራ ብተው ነውር ነው። በሞቴ ያለችኝ ትርፌ ሐንዲሶ ነበረች፤ እትዬ ትርፌ።