አምስተኛ ይበቃናል

ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቅ ገበያ ወደ ቤት የወሰደኝ ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ሁለት ሰዎች በቅርቡ ስለሚደረግ አንድ ትልቅ ማራቶንና ስለ አንድ የእኛ ሯጭ ይከራከራሉ። አንዱ ብርዱ ይስማማዋል ይላል፤ ሌላው ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቱ ያጠራጥረኛል ይላል። ባለባጃጁ አንገቱን መለስ አድርጎ፣ «እትዬ ሀዋ፣ አንቱስ ስንተኛ ይሉታል?» አለኝ።

ዝም አልኩት። የሚያውቁኝ ይህን ቢሰሙ አያምኑም። እኔ እንኳን ተጠይቄ ሳልጠየቅም ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ግን በዕድሜዬ ስለ ሩጫ የተነበይኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጥቅምት። የመጀመሪያው ሊያሳስረኝ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከእስር የከበደ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ ሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ዝናቡ ሰምሮ ማሽላው ራሱ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል፤ የአምባሰል ተራራ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ለምልሟል። ሰው ግን ገና አላመነም። እሸቱን እያየ «ይሄ የእኛ ነው?» የሚል ይመስል ነበር። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ይመር ከጥቂት ዓመታት በፊት ለውትድርና ተወስዶ፣ በማሠልጠኛው ሲሮጥ ታይቶ ለሠራዊቱ ቡድን ተመረጠ። በዚያ ዓመት ኅዳር ሊወጣ ሲል ጃፓን አገር በሚደረግ ትልቅ ማራቶን ሊሮጥ ነው። አሠልጣኙ ለመውሊድ የጥቂት ሳምንት ፈቃድ ሰጠውና ቤት መጣ።

በሩ ላይ ሲቆም እማ እልል አላለችም። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ቀረብ አለችና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ክንዱን ዙሪያውን ያዘችው። ጣቶቿ ሊገናኙ ትንሽ ቀራቸው። በድርቁ ጊዜ በመጠለያው የልጆችን ክንድ ይለኩ ነበር፤ ማን እህል ቶሎ ማግኘት እንዳለበት የሚለዩት በዚያ ነበር። ትንሿ እህታችን ሙሚና እዚያ ተለክታለች። ከተለካች በኋላ ብዙ አልቆየችም።

«ምን እያበሉ ነው ያኖሩህ?» አለችው።

«እማ፣ ሯጭ እኮ እንዲህ ነው የሚሆን።»

«ሯጭም ይሁን ፈረስ፣ ነፍስ ያለው ይበላል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐይቅ ከተማ በሙሉ ይመርን ማብላት ያዘ። የመውሊድ ወር ነው፤ ዛሬ እዚህ ቤት ይታረዳል፣ ነገ እዚያ። ወንድሜ ሳይጠራ የቀረበት ድግስ አልነበረም። ከገበታው ሲነሳ «በሞቴ» ይባላል፣ አንድ ጉርሻ ይደገማል። «አፈር ስሆን» ይባላል፣ ይሠለሳል። ክርስቲያኖቹም አልቀሩም። ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች የእሷን ቤት ሥጋ ስለማይበላ ተበሳጭታ፣ ቅቤ ውስጥ የሚዋኝ ጭኮ በቅል ትልክለት ጀመር። ማንንም አልፈርድም። ያ ሁሉ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው የሚሰጠው አጥቶ የኖረ ነው፤ መስጠት እንደገና መቻሉን በወንድሜ ሆድ ላይ ነበር የሚፈትነው። እሱም እምቢ ማለት አያውቅበትም። በእኛ አገር የቀረበለትን የሚመልስ ሰው ከሚሳደብ ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይሮጥ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት በፊት ከከተማው ጫፍ፣ ባሕር ዛፎቹ ያሉበት ጥምዝ ላይ ውሃ ይዤ እጠብቀዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመጣ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር፤ ጤዛው ላይ እንደሚሄድ ሰው። እየቆየ ግን የእግሩ ኮቴ ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ሳይደርስብኝ ቆመ። ጎኑን ይዞ ከዛፎቹ ኋላ ገባ፤ ስከተለው የማታውን ድግስ ሁሉ እያስመለሰ አገኘሁት።

«እምቢ በላቸዋ!» አልኩት። ተናደድኩ እንጂ አላዘንኩለትም።

«ማንን? እማን ነው እምቢ የምላት?» አፉን ጠረገ። «ክንዴን ስትይዘኝ አላየሻትም?»

ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። አሠልጣኙ በግልጽ ነው የነገረው። ጃፓን ላይ ከአምስቱ ውስጥ ከገባ ሯጭ ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልገባ ወደ ጦር ክፍሉ ይመለሳል። ክፍሉ ሰሜን ነው፣ ጦርነቱ ላይ። በዚያን ዘመን «ሰሜን» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር፤ ከሰፈራችን ወደዚያ ከሄዱት የተመለሱትን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል። ለእማ እንዳልነግራት በአላህ አስማለኝ። እያበላች ወደ ጦርነት እየገፋችው እንደሆነ ካወቀች ትሞታለች አለኝ።

ማልኩ። መሐላው ግን ሆዴ ውስጥ አልተመቸውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሽኝት ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ጢም አለ። ይመር ከፊት ወንበር አበባ አንገቱ ላይ አጥልቀውለት፣ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ነገሩ ውይይት ይባል እንጂ ውድድር ነበር፤ እየተነሳ ሁሉም አንደኛ ይወጣል ይላል፣ የኋለኛው ከፊተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ። አንድ ሽማግሌ «ኢንሻአላህ፣ ሁለተኛም ቢሆን ክብር ነው» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ልጃቸው በኮታቸው ጎትቶ አስቀመጣቸው። ሊቀመንበሩ በጉዞው ዋዜማ ሰንጋ እንደሚጣልና ሯጫችን ከሕዝቡ ጋር ጠግቦ እንደሚሄድ አበሰረ። ተጨበጨበ። የወንድሜ ጀርባ ሲሸማቀቅ አየሁት።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና ስለማነብ፣ ድሉን አስቀድሞ ለአብዮቱ የሚያበረክት ጽሑፍ አዘጋጅተው አስይዘውኛል። ወጣሁ። ወረቀቱን አየሁት፤ አጠፍኩት።

«አንደኛ አይወጣም» አልኩ። «አምስተኛም አይወጣም። በዚህ አያያዛችን መንገድ ላይ ነው የሚቀር። እኛ ሯጭ አይደለም የያዝነው፤ የዐረፋ ሙክት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። የጣሪያው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ቀጭ ቀጭ የሚለው ይሰማ ነበር። ሊቀመንበሩ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ «ጓዲት ሀዋ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ እንገናኝ» አለና ስብሰባውን ዘጋው። ስወጣ መንገድ የለቀቁልኝ በአክብሮት አልነበረም።

ቤት ስንደርስ እማ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ዞረችብኝ። ስለ ቢሮው ግድ አልሰጣትም፤ እሷን ያንገበገባት ሟርቱ ነው። ክፉ ቃል ከአፍ ከወጣ መንገድ ያገኛል ብላ ታምናለች፣ ዛሬ እኔም ትንሽ አምናለሁ።

«በገዛ ወንድምሽ ታሟርቻለሽ? አንድ አልበቃኝም?»

አንድ ያለቻት ሙሚናን ነው። እዚህ ላይ መሐላዬን አፈረስኩ፣ አልጸጸትም። ጥምዙ ላይ ያየሁትን፣ አሠልጣኙ ያለውን፣ ሰሜኑን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እማ ምሰሶውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ክንዱን የለካችባቸውን ሁለት ጣቶች ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል።

በማግሥቱ ወደ ቢሮ ስሄድ ነጭ ሻሿን አስራ፣ መቁጠሪያ ሙሰበሃዋን ይዛ ተከተለችኝ። ሊቀመንበሩ እሷን አልጠበቀም። ለእኔ ያዘጋጀውን ጀመረ፤ በሕዝብ ፊት የሕዝብን ሞራል መስበር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ ወይ? አሻጥር የሚባል ነገር ሰምቻለሁ ወይ? ማን ነው ያስጠናኝ? በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። ቀሚሴን ጨብጬ ወደ እማ ዞርኩ።

«ልጅቱ አላሟረተችም» አለች እማ። «ያወጣችው የእኔን ነዝር ነው። አፌን የያዝኩ እኔ ነኝ።»

«የምን ስለት ነው፣ እትዬ ዘሀራ?»

«ልጄ ሮጦ ወሬው እስኪሰማ ድረስ ሥጋና ቅቤ በአፉ እንዳይዞር። በእኔም አፍ እንዳይዞር። ለአላህ ገብቻለሁ። ሰው እንዳይቀየመኝ ፈርቼ ደበቅሁ፤ እሷ አላስችል ብሏት ተናገረች። አመሏን ያውቁታል።»

እንዲህ ያለ ነዝር አልነበረም። እኔ አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ ወጥ ውስጥ ቅቤ ስትጨምር አይቻታለሁ። ከአፏ ሲወጣ ግን ነዝር ሆነ። እማ በአላህ ስም የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አዟዟረ። በስብሰባ ላይ የሃይማኖት ነገር አይወድም ነበር። ነገር ግን እናቱ ለስለቷ በየዓመቱ ግሸን እንደምትወጣ አገር ያውቃል፤ አቀበቱን የምትወጣው የእሱን ክንድ ተደግፋ እንደሆነም አገር ያውቃል።

«ሰንጋውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሰንጋው ይቆይ። ሲመለስ ይጣል። ያኔ አንቱም ይበላሉ፣ እኔም እበላለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የስለት ነገር ከሆነ…» አለና አልጨረሰውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ግን አፍሽን ያዢ» አለኝ። እሺ አልኩ። ያን ቀን እሺ ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ አወቅሁ።

ወሬው እኛ ቤት ሳንደርስ ሰፈሩን አዳርሶት ነበር። በወሎ የሰው ስለት የሚያፈርስ ሰው የለም፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን። እትዬ ተዋበች ቅቤዋን ይዛ ከደጃፋችን ስትመለስ አገኘናት። «እኔ ነኝ እንዴ ስለት የማፈርስ!» አለች ተቆጥታ፤ ሲመሽ ደረቅ የገብስ ቆሎ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ይመርን «በሞቴ» ያለው የለም። ሽሮ በዘይት፣ የማሽላ ቂጣና የተቀቀለ ድንች ይበላል። እማ ከዚያው ሳህን፣ እሱ የጎረሰውን ያህል ትጎርሳለች፣ ሲያቆም ታቆማለች። እሱ ቀለለ፤ ኮቴው እንደገና ከጆሮዬ ጠፋ። እሷ ግን ፊቷ በድርቁ ጊዜ ወደነበረው ፊት ተመለሰብኝ። ይመር ያን አየ። አንድም ቀን አልተናገረም፤ የሚሮጠውን መንገድ ግን አስረዘመ።

በሚሄድበት ዋዜማ እማ ጓሮ ጠራችኝ።

«ሰው ሁሉ አንደኛ ይለኛል» አለችኝ። «የሰው ቃል ሰለቸኝ። አንቺ ክፉውን የማትደብቂ ነሽ። እውነቱን ስጪኝ። ስንተኛ ነው?»

አላውቅም ነበር። ጃፓኖቹን አላውቅም፣ ብርዱን አላውቅም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያልፈራሁት አንድ ሴት ፊት ፈራሁ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ፊቷን አየሁት።

«አምስተኛ» አልኳት።

አልዋሸሁም፣ እውነትም አልተናገርኩም። አምስተኛ በሕይወት የሚቆይበት የመጨረሻው ቁጥር ነበር። ከዚያ በላይ ለመለመን ደፋር አልነበርኩም።

እማ ራሷን ነቀነቀች። «አብሽሪ» አለችኝ፣ እኔን። «አምስተኛ ይበቃናል።»

ወሬውን የሰማነው እትዬ ተዋበች ቤት፣ በእሷ ሬዲዮ ነው። ዜና አንባቢው ስለ መኸር ዘመቻ ሲያወራ፣ ስለ ግንባር ሲያወራ፣ እማ ሙሰበሃዋን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ጃፓን አለ። አንደኛ የሌላ አገር ሰው፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ሬዲዮው ተንጫጫ፤ እትዬ ተዋበች በጥፊ መታችው። «…በአራተኛነት ኢትዮጵያዊው ይመር…»

ዕድሜዋን ሁሉ ገበያ ላይ እህል ስትሰፍር የኖረችው እማ፣ «አራት ከአምስት በፊት ነው አይደል?» አለችኝ።

«በፊት ነው።»

«አንቺ ከሰጠሽኝ ይበልጣል» አለች። ከዚያ እትዬ ተዋበችን ቅቤ ጠየቀቻት። የመጣላትን በጣቷ ጠቅሳ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ሳትውጠው ብዙ ቆየች፤ ሙሚናን ከቀበርን ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ሰንጋው አልተጣለም። ለአንደኛ የታሰበ ነበርና ወደ ሌላ መዋጮ ሄደ። ይመር ጉልበቱ እስኪከዳው ጥቂት ዓመት ሮጠ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ እሱም ኮምቦልቻ ዱቄት መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ሆዱን ብታዩት ሯጭ ነበር ቢሏችሁ ትስቃላችሁ። እማ እስከ ዕለተ ሞቷ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ክንዱን በሁለት ጣቷ ትይዘው ነበር። አይገናኙም። በጣም ይራራቃሉ። እያየቻቸው ትስቅ ነበር።

ባጃጁ ደጄ ላይ ቆመ። ሬዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁንም ስለ ብርዱና ስለ ጉልበቱ ይከራከራሉ። በደንብ ይናገራሉ፣ አልወቅሳቸውም። እኔ የማስበው ያ የሚወራለት ሯጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ፣ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠና ስንተኛ ይበቃናል ብሎ እንደቆጠረ ነው።

«እትዬ ሀዋ፣ ሳይነግሩኝ ሊወርዱ ነው እንዴ?»

«አምስተኛ» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ በአላህ! አምስተኛን ደሞ ማን ይመኛል?»

የሚመኘውን አውቃለሁ። ግን ረጅም ወሬ ነው፤ እሱንም ተሳፋሪ ይጠብቀዋል። ዘንቢሌን ይዤ ወረድኩ።