አስራ ዘጠኝ ቁጥር እንጨት

ባለቤቴ ወንዝ ዳር ያለችውን ትንሽ ጥብቅ ደን መጠበቅ ከጀመረ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀድሞ ሥራው እንጨት መሰንጠቅ ነበርና ጓደኞቹ «አህያን ለጅብ አደራ ሰጡ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ዛሬ አንዲት ቅርንጫፍ ብትጎድል ያውቃል።

በሩ ላይ ሚስማር የተመታበት ሰሌዳ አለ። ጎብኚ ሲገባ ከሚስማሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ እንጨት ይወስዳል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ሰሌዳው ካልሞላ በሩ አይዘጋም።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄጄ እዚያው ዋልኩ። አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ወንዙ ደፈረሰ፤ ከላይ ዘንቧል ማለት ነው። ባለቤቴ ፊሽካውን ነፋ። ሰዉ እየተጣደፈ ወጣ፣ እንጨቱን ሰቀለ። እሱ ሰሌዳውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«አስራ ዘጠኝ የለም።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«መምህርቷ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ ፊሽካውን የት ይሰሙታል?»

ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከእንጨት ድልድዩ ማዶ ተቀምጠው ወፍ ማየት ይወዳሉ። ውሃው ደግሞ የድልድዩን ሳንቃ መላስ ጀምሯል።

«ብቻህን አትሂድ፤ ሰው እንጥራ» አልኩት።

«ሰው እስኪመጣ ውሃው ይጠብቀናል? አንቺ በሩ ላይ ሁኚ። ጸልዪ» ብሎ ወደ ድልድዩ ሮጠ።

ጸሎት ጀመርኩ፤ አፌ ቢጸልይም ልቤ ወንዙ ዳር ነበር። ደጋግሜ ጠራሁት፤ የመለሰልኝ የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል መምህርቷ፤ የመጡት ከመንገዱ በኩል ነው። አስራ ዘጠኝ ቁጥር እጃቸው ላይ አለ።

«ልጄ፣ በዚህ እንጨት ቤቴን ልከፍት ስታገል ጎረቤት ሳቀብኝ። ለካ ስወጣ ሚስማሩ ላይ የሰቀልኩት የቤቴን ቁልፍ ኖሯል።»

«እሱ እርስዎን ፍለጋ ማዶ ተሻግሯል» አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። እስከ ወንዙ አፋፍ ወረዱና አርባ ዓመት ተማሪ ባሰለፈ ድምፃቸው ተጣሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እዚህ ነኝ! ተመለስ!»

ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። የድልድዩን መደገፊያ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ውሃው ከጉልበቱ በላይ እየገፋው፣ እግሩን ሳንቃው ላይ እየጎተተ ተሻገረ። እኔ እስኪደርስ አልተነፈስኩም።

መምህርቷን ቆሞ አያቸው። የሆነውን ሲነግሩት «ታዲያ ቁልፍዎ የት አለ?» አላቸው። ኪሱን ሲፈትሽ የማያውቀው ቁልፍ ወጣ። ቅድም ሚስማሩ ላይ አይቶት የራሱ መስሎት ኪሱ ከትቶት ነበር።

«እኔ እንጨት፣ አንተ ቁልፍ። ማን ማንን ይቆጣ?» አሉት።

እሱ አልሳቀም። መሬት ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ሞከረ፤ ማሰሪያው በውሃ ርሶ አልፈታ አለው። ጎንበስ ብዬ ፈታሁለት። «ተመስገን» አልኩ።