እማዬ በሌለችበት የተሠራ አጃ

ልጅ እያለሁ መርካቶ በነበረው ቤታችን ውስጥ ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ የሚከበረው አጃ ነበር። እኛ ሦስታችን አንድ ፍራሽ ላይ ስንጋፋ፣ እሱ ምን አለሽ ተራ በልኩ በተሠራለት ባለክዳን ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከእርጥበት ርቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ይንፈላሰስ ነበር። እማዬ ከእህል በረንዳ ስትገዛ ፍሬውን በጥርሷ ሰብራ ካላሸተተች ብር አታወጣም። ነጋዴዎቹ "የፈረስ ቀለብ ነው፣ ምን ያስመርጥሻል?" እያሉ ቢያላግጡባትም ከቁብ አትቆጥራቸውም። ዱቄቱ ከሰነበተ ይመራል ስለምትል አስቀድማ አታስፈጭም፤ እህሉን እንዳለ አስቀምጣ ሲፈለግ ነው የምታዘጋጀው። በሰፈራችን ሰው ሲታመም ወይም ሴት ስትወልድ አጥሚት ፍለጋ የሚመጣው እኛ ጋ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ፣ እማዬ ለለቅሶ አገር ቤት በሄደችበት እሑድ እትዬ ዘይነባ መጡ። ከግድግዳችን ወዲያ የሚኖሩ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ናቸው። ልጃቸው ሐያት ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ምግብ አልወርድ ብሏት፣ ጡቷ ደርቆ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰንብቷል።

"እናትሽ የለችም?"

"ለቅሶ ሄዳለች፣ እትዬ። እኔ ልሥራው?"

"አንቺ? ወላሂ፣ አንቺን ራስሽን የሚያጎርስሽ ሰው ያስፈልጋል" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እሳቸው እንደሄዱ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አጃውን አመስ አመስ አድርጌ ሸከሸክኩት። አንዲት ገለባ ብትቀር የአራስ ጉሮሮ ትከረክራለች ሲባል ስለሰማሁ ደጋግሜ በሰፌድ አበጠርኩ። ወፍጮ ቤቱ እሑድ ዝግ ስለሆነ በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁት፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ቤቱን ያ ለስለስ ያለ የታመሰ አጃ ሽታ ሞላው።

ድስት ላነሳ ስል ግን ደነገጥኩ። እጄ ላይ ያለው የበዓል ዶሮ ወጥ የሚሠራበት ድስት ነው። እነ እትዬ ዘይነባ ሙስሊም ናቸው፤ የእኛ ሥጋ የነካውን አይቀምሱም። እማዬ ለእነሱ የምትሠራበትን ለብቻው የተቀመጠ ድስት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ሄዳለች። የዶሮውን አጥቤ ብሠራበት ማንም አያውቅብኝም ነበር። እማዬ ግን ይህን አታደርገውም።

ዱቄቱን በሳህን ይዤ እነሱ ቤት ገባሁ። "እትዬ፣ የእናንተን ድስት ይስጡኝና እዚሁ ልሥራው። የእኛን ሥጋ ነክቶታል" አልኳቸው። ድስታቸውን ራሳቸው አለቅልቀው ሰጡኝ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ ጣድኩት፤ እንዳይጓጉል ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። ማርና ቅቤውን እሳቸው ጨመሩበት። ሐያት ፈራ ተባ እያለች ቀመሰች፣ ደገመች፣ ጨረሰችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሕፃኑን አቅፋ እያጠባች ነበር። ያን ቀን የእኔን ያህል የኮራ ሰው በመርካቶ የነበረ አይመስለኝም።

እማዬ ስትመለስ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ጠብቀው ሁሉንም ነገሯት፤ የድስቱንም ጭምር። እማዬ ልጅ ፊት ለፊት ሲያመሰግኑት ይበላሻል ባይ ናት። ያን ቀን ግን ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወዲህ አጃ ፈልጎ የሚመጣ ሰው "ብርቱካን አለች?" ማለት ጀመረ፤ ብርቱካን እኔ ነኝ።

ዛሬ አጃ በላስቲክ ታሽጎ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። ውኃ ሲፈላ ጨምሮ ወዲያው መብላት ነው፤ እኔም እገዛለሁ፣ ሥራ የዋለ ሰው ምን ያድርግ? ልጆቼም ይወዱታል። ግን ሰው ደጅ ቆሞ ስሜን ሲጠራ፣ እማዬ ራሷ የሙያውን ወንበር ለእኔ ለቃ "አለች፣ ግቡ" ስትል በድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት እስከ ዛሬ የትም መደርደሪያ ላይ አላገኘሁትም።