«መንገድ ላይ ነው» ያልኩለት ማሽን

የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ስም ሲጠራ የቀረ ሰው ካለ፣ ጎረቤቱ ከኋላ «አለ፣ መንገድ ላይ ነው!» ይላል፤ እኔም እንደተገኘ ምልክት አደርግለታለሁ። ይህን እምቢ የሚል ጸሐፊ በእኛ ሰፈር አንድ ወር አይቆይም። ጥፋቴ ያንኑ ልማድ ይዤ ቢሮ መግባቴ ነው።

ቢሮ ሥራዬ የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ ያለባቸውን ሁለት ሰርቨሮች መጠበቅ ነበር። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ያ ቢወድቅ ወዲያው ሊረከበው ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት አንድ ትእዛዝ ስጽፍ፣ በየፖርቱ፣ ማለት በየመገናኛ በሩ፣ የትኛው ማሽን እንደተገኘ ይዘረዝርልኛል። በአንደኛው ፖርት ላይ መገኘት «በሕይወት አለሁ፣ እሰማሃለሁ» ማለት ነው። በሁለተኛው መገኘት ደግሞ «ሥራውን ለመረከብ ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። ሁለቱም ማሽኖች በሁለቱም ፖርቶች ላይ መታየት አለባቸው።

ያን ሰኞ ተጠባባቂው ማሽን በአንደኛው ፖርት ላይ አለ፣ በሁለተኛው ላይ የለም። አይቼዋለሁ እኮ! በዓይኔ በብረቱ! ግን ከዚያ በፊትም ዘግይቶ ገብቶ ያውቃልና «ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው» አልኩና የጠዋቱ መቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ «ሁለቱም ተገኝተዋል» ብዬ ፈረምኩ። ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚያው። የማሽኑ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል እያየሁ ደህና ነው እላለሁ፤ ወይ እኔ!

ሐሙስ ጠዋት ዋናው ማሽን ተቃጠለ። ተጠባባቂው ንቅንቅ አላለም። የቢሮው መስተንግዶ መስኮት ላይ ከጉና ተራራ ሥር በእግራቸው የመጡ አንዲት ባልቴት ቆመው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጎረቤት የገብስ ማሳቸውን ወስዶባቸው ተካሰዋል። የይዞታ ደብተራቸው ስለጠፋ ከመዝገባችን ግልባጭ ሊያወጡ ነው የመጡት፤ ማስረጃ የሚያቀርቡበት የመጨረሻ ቀጠሮ ደግሞ ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ነው።

«እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ተጠባባቂው ላይ ፕሮግራሙን በእጄ አስነስቼ፣ ዲስኩ ተመርምሮ፣ ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ስመው፣ እየሮጡ ወጡ። ችሎቱ ተነሥቶ ነበር።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ሲገቡ ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ማሳው ሄደ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። አንተ ግን ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ስትደክምልኝ ዋልክ። ዝም ብል እግዜር አይወድልኝም።» ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ድንች ደረደሩ። «ከጓሮዬ ነው። የቀረችኝ እሷ ናት።»

አሁን ንገራቸው፣ አሁን፣ አሁን እላለሁ ለራሴ። ድንቹን ግን እቆጥራለሁ።

«ለመሆኑ ያ መኪናችሁ ያን ቀን ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ ሊወጡ ሲሉ።

«መብራት ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።

«አዬ፣ መብራት» አሉ፤ መርቀውኝም ሄዱ። ድንቹን ወደ ቤቴ ወሰድኩት።