እህቴና ምራቂዋ

አሰልጣኙን ገና ከበር ሲገባ ጠላሁት። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ በሐረር ሙቀት ሻርፕ አንገቱ ላይ ይጠመጥማል። ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ ባለው አዳራሽ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የቲያትር ስልጠና ሊሰጥ ነበር የመጣው። ግድግዳው ላይ የሰቀለው ባነር «አካታች ቲያትር» ይላል። ቃሉን ራሱም በየአፍታው ይደጋግመዋል። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን እህቴን አጠገቤ አቁሞ የእሷን ስም እኔን ጠየቀኝ። እሷን ጠይቃት አልኩት።

እህቴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ነገር ቶሎ አይገባትም፤ አንዴ የገባት ግን አይወጣም። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ አስገብታ በሩን ትዘጋባት ነበር። ዝክር ሲሆን ጓዳ፣ ለቅሶ ሲሆን ያው ጓዳ። ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ነገር እናቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ከሞተች ወዲህ በየቅዳሜው እህቴን ይዤ ጊደር መጋላ ገበያ መውረድ የጀመርኩት ግማሹ ለእሷ ብዬ ነው፤ ግማሹ ግን በእናቴ ላይ ባለኝ እልህ ነው።

ምስር የምንገዛው ከአንዲት አሮጊት ነው፤ እንደ አገሬው አዴ እንላቸዋለን። አዴ ምስሩን በጣሳ ሰፍረው ዘንቢላችን ውስጥ ይገለብጡና እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ሰደድ አድርገው አንድ እፍኝ ይጨምራሉ። ምራቂ ማለት ይኸው ነው። እህቴ ምራቂዋ ሳይገባ ዘንቢል አትዘጋም። አንድ ቀን አዴ ወሬ ይዘው ቢረሱት፣ ዘንቢሏን ከፍታ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። «ዋላሂ ይህቺ ልጅ ከአንቺ ትሻላለች፤ አንቺ ስንቴ ሳልመርቅልሽ ዝም ብለሽ ሄደሻል» አሉኝ እየሳቁ።

አሰልጣኙ ያዘጋጀው ድራማ የገበያ ነበር። እህቴ ገዢ ሆነች፤ ሻጯ ለማገዝ የመጣች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ሻጯ ሰፍራ ትገለብጣለች፣ አሰልጣኙ ያጨበጭባል፣ ገዢዋ ከመድረክ ትወጣለች። እህቴ ግን አትወጣም። ያጨበጭባል፣ ቆማለች፤ ይደግማል፣ ቆማለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነና በአራተኛው ጠራኝ። መመሪያ መከተል ስለከበዳት ገዢነቱን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷን ግን በር ላይ ለእንግዶች አበባ እንድትሰጥ እንደሚያደርጋት በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ።

ደሜ ፈላ። ምራቂ ሳትቀበል የምትሄድ ገዢ የት አገር አይቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ገበያውን የማያውቀው እሱ እንጂ እሷ እንዳልሆነች፣ ሦስቱንም ቀን በትክክል የሠራችው እሷ ብቻ እንደሆነች ጮክ ብዬ ነገርኩት። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ደስ አለኝ። እሱም አቀርቅሮ ተማሪዋን አንድ እፍኝ ጨምሪ አላት። እህቴ እፍኙ እንደገባላት ዘንቢሏን ዘጋችና ጭብጨባ እንኳ ሳትጠብቅ ወጣች። ያን ቀን ፈላና በር ካለው ቤታችን እስክንደርስ ትክክል ሠራሁ ወይ እያለች ጠየቀችኝ፤ እኔም መንገዱን ሙሉ ትክክል ነሽ እያልኩ መለስኩላት።

የትርዒቱ ዕለት ሹማምንቱ አንድ ሰዓት አርፍደው መጡና ከፊት ሶፋው ላይ ተዘረጉ። ከኋላቸው የሰፈራችን ሰው፣ የማኅበር እህቶቼ ሳይቀሩ፣ ሞልተዋል። አሰልጣኙ ሰዓቱ ስለሄደ ቶሎ ቶሎ በሉ እያለ ተዋናዮቹን ያዋክባል። ሻጯ ሰፈረች፣ ገለበጠች፣ ፊቷን አዞረች። እፍኙን ረሳችው።

እህቴ ዘንቢሏን ከፍታ ቆመች። አሰልጣኙ ከመጋረጃው ጥግ አጨበጨበ፤ ሹማምንቱ ድራማው ያለቀ መስሏቸው አብረውት አጨበጨቡ። እሷ ቆማለች። ሳቁ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ መጣ፤ የማኅበር እህቶቼ ዘንድ ደረሰ። እህቴ አልደነገጠችም። ሻጯን ትክ ብላ እያየች፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣

«ምራቂስ?» አለች።

ብድግ ብዬ ጨምሪላት ማለት እችል ነበር። ያቺን ተማሪ ለማስታወስ አንድ ቃል ይበቃል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋትና ፊቴ ነደደ። በእህቴ አፈርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ግን ከመናገሬ በፊት ታውቆኛል።

«በቃሽ። ነይ ውረጂ» አልኳት።

ድምፁ የእናቴ ነበር። እህቴ ዘንቢሏን ዘግታ ወረደች። አሰልጣኙ በኋላ ሰርተፍኬቷን ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ስለረዱን እናመሰግናለን አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጊደር መጋላ ወረድን። አዴ ምስሩን ሰፍረው ገለበጡ። እህቴ ወዲያው ዘንቢሏን ዘግታ ዞረች፤ እፍኝ ምስር የያዘው የአዴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ልጄ፣ ምራቂሽን አትወስጂም እንዴ?» አሏት።

እህቴ ዘንቢሉን አልከፈተችም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ።