ጀርባውን ለመንገድ የሰጠው ማዘጋጃ ቤት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ማዘጋጃ ቤት ነበር። መንገደኛው ሁሉ ይስቅበታል። የከተማዋ አሮጊት እመት ሲሳይነሽ ግን ምክንያቱን ያውቃሉ። ቤቱ ሲሠራ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። የጊዜው ሽማግሎች «ዳኝነት የሚታይበት ቤት ነው፤ ደጁ ወደ ሚካኤል ይዙር። የሚምል ሰው ቀና ሲል ጉልላቱን ማየት አለበት» ብለው ቆረጡ። አገሬው በደቦ አቆመው። ወንዱ ድንጋይና የዋንዛ ግንድ አጋዘ፤ ሴቱ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረገጠ። እመት ሲሳይነሽም ያኔ ሙሽራ ነበሩ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ረግጠዋል። የበረንዳውን ቋሚዎች የጠረበው ባላቸው አናጢው ቢሰጥ ነው። አናታቸው ላይ የስንዴ ዛላ አወጣላቸው፣ አቤት ሲያምር! ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ የሞተ ሰው፣ እጁ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። እመት ሲሳይነሽ ገበያ በወጡ ቁጥር አንዱን ቋሚ ዳሰስ ሳያደርጉ አያልፉም።

ዘንድሮ «ይፈርሳል፤ ፎቅ ይሠራበታል» ተባለ። እመት ሲሳይነሽ ማልደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሊለምኑ ሄዱ። ሲደርሱ መሰላሉ ቆሟል። የሠራተኞቹ አለቃ ተስፋው፣ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እግዜር አመጣዎት እማማ! የሚመርቀን ሽማግሌ ስንፈልግ ነበር።»

«ምኑን ነው የምመርቀው ልጄ? እኔ እንኳ የመጣሁት አትንኩት ልላችሁ ነው።»

«መንገደኛ ሲሸናበት የኖረ ቤት እኮ ነው!» አለ አንዱ ከመሰላሉ ሥር። ሳቁ።

«ያ የሚሸናው ሰው ነውር ነው። ቤቱ ምን አደረገ?»

ተስፋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነትዎን ነው። ግን እኔም ታዛዥ ነኝ፤ ነገሩ ያለቀ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሳንመረቅ ጣራ አንወጣም ብለዋል።»

«ቋሚዎቹስ?»

«እንጨቱ በሙሉ ለነጋዴ ተሽጧል፣ እማማ።»

ልጆቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። እመት ሲሳይነሽ ጣራውን ሽቅብ አዩት፤ ሩቅ ነው፣ ቆርቆሮውንም ዝገት በልቶታል። ምርቃት የተለመነ ሰው ዝም ካለ፣ ዝምታው እርግማን ነው። አንዱ ቢወድቅ እናቱ «ሲሳይነሽ አፏን ይዛበት ነው» አትልም? ቢመርቁ ቤቱ ይፈርሳል፣ ቢተዉት የሰው ልጅ ይወድቃል።

አንድ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌላው የቢሰጥን ቋሚ ይዟል።

«ከወጣችሁበት በሰላም ያውርዳችሁ።»

«አሜን!»

«እናታችሁን አያስለቅስብኝ።»

«አሜን!»

«እጃችሁን…» አሉና ቀና ብለው የስንዴ ዛላውን አዩ። «እጃችሁን ይባርከው።»

የቀረም ምርቃት ነበራቸው። ግን የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲገነጠል ድምፁ ዋጠው።