ብቻዬን የሠራሁት ልጓም

መናገሻው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በተዛወረ ሰሞን እኔ አጎቴ ዘንድ ብረት ሥራ እማር ነበር። አንኮበር ላይ ደግሞ ልጓም የሚፈተነው ወደ ቆላው ገበያ፣ ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ ነው። መንገዱ ከአፋፉ ጀምሮ ገደሉ ላይ ተለጥፎ ይጠማዘዛል፤ በቅሎ ደንብራ የሚይዛት ከጠፋ ተቀማጩን የምትፈልጉት ታች ቆላው ላይ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ደንብ ክፉ ቢመስልም ምክንያት ነበረው። እሳቸው ዘንድ የተማረ ሰው በመጨረሻ አንድ ልጓም ብቻውን ይሠራል። ብረቱን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይበይዳል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ እንጂ ቃል አይተነፍሱም። የሚፈቀድለት ረዳት ወናፍ የሚነፋለት አንድ ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ ያ ወናፍ የነፋው ሰው በቅሎ ላይ ተቀምጦ በዚያ ልጓም ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ለምን ሠሪው ራሱ አይቀመጥም ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

"ሰው በራሱ ነፍስ ይቀልዳል" አሉኝ።

ከእኔ በፊት የተማረው ሰውዬ ወናፍ እንዲነፉለት አማቱን መረጠ እየተባለ ይሳቅ ነበር። ልጓሙ ግን ጠንካራ ሆኖ አረፈው።

እኔ የምመርጠው አጣሁ። የአንኮበር ሰው ማረሻውን እኛ ዘንድ ያስቀጠቅጣል፤ ዞር ሲል ደግሞ ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይደብቅብናል። ወናፍ የሚነፋልን ቀርቶ ደጃችን አረፍ የሚል አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ የምንኖረው አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የከሰል ማስቀመጫ በነበረች ጎጆ ነው። ርስት የለንም፤ ለቀጥቃጭ ማን መሬት ይቆጥርለታል? ልጓሙ ከያዘ የራሴን እሳት እተክላለሁ፣ የራሳችን ደጅ ይኖረናል። ካልያዘ ወደ ወናፉ እመለሳለሁ፣ እናቴም የወንድሟን ሚስት ፊት እያየች ትኖራለች። የአጎቴ ሚስት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እንግድነታችንን እንዳንረሳው ግን ይጠነቀቁ ነበር።

የሥራው ዕለት ጠዋት እናቴ ማንም ሳይጠራት መጥታ ወናፉ አጠገብ ተቀመጠች። አይሆንም አልኳት። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መንፋት ጀመረች። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳቸው አዞሩ።

የመረጥኩት ከአሮጌ ማረሻ የተረፈ ብረት ነበር። አግዬ በመሮ ቆረጥኩት፣ ቀጥቅጬ አቀጠንኩት፣ የአጎቴን በቅሎ የታች መንጋጋ በሚያቅፍ ልክ ቀለበት አድርጌ አጠፍኩት። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ጭንቁ የቀለበቱን ሁለት ጫፎች ማጋጠሙ ላይ ነው። ብረቱ ነጭ ሆኖ የሚያልበው ሲመስል ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ከእሳቱ አውጥቶ፣ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋድሞ፣ ሳይበርድ መምታት ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እያሉ የሚተርቱት ብረት ነክተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚነካው ተረት የሚያስታውስበት ፋታ የለውም። አወጣሁ፣ መታሁ፣ ፍንጣሪው ክንዴን ጠበሰኝ። ጫፎቹ ተያያዙ። በዓይን ሲታይ አንድ ብረት ነበር።

ሲበርድ በገመድ አንጠልጥዬ በትንሿ መዶሻ ነካ አደረግኩት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ይኼም ጮኸ፤ ግን መሃሉ ላይ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፅ አፈን ያለ ነገር ሰማሁ። ደግሜ ነካሁት። አንዴ ይሰማኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ከፍርሃቴ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። እናቴ አመዱን ከቀሚሷ እያራገፈች አማረ አለችኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው ሰው ጭነቱን አቁሞ አፋፉ ላይ ይጠብቀናል፤ የቀጥቃጭ ሴት በቅሎ ላይ ስትቀመጥ ማየት በየቀኑ አይገኝም። አጎቴ ቀይዋን በቅሎ አመጡ። የራሷን ጥላ አይታ የምትደነብር ጉድ ነበረች፤ ለዚሁ ሥራ ብለው ነው የሚያኖሯት። ልጓሙን አገባሁላት። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ተቀመጠች። በዕድሜዋ በቅሎ ላይ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከግቢያችን እስከ አፋፉ ሩቅ አይደለም። ያችን መንገድ ስሄድ የሰዉን ጫጫታ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ያ የታፈነ ድምፅ ነው። ብናገር ወናፍ ይጠብቀኛል። ዝም ብል ምናልባት የራሴ እሳት፣ ምናልባትም እናቴ ገደል ውስጥ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን የምንሠራው በብረት ነው። በቅሎዋ የፊት እግሯን ቁልቁለቱ ላይ ስታሳርፍ አንገቷን ወረወረች፤ እናቴ ሳበቻት፤ እኔም ሮጬ በቅሎዋን አፏ ላይ ያዝኳት።

"እማዬ፣ ውረጂ።"

ሰዉ ሳቀ። ከፊት ይሄዱ የነበሩት አጎቴ ዞሩ።

"ምን አየህ?" አሉኝ።

"ያየሁት የለም። ሰምቻለሁ።"

እናቴ ስትወርድ እሳቸው ከመታጠቂያቸው መዶሻ መዝዘው ሰጡኝ። ልጓሙን አውልቄ ድንጋይ ላይ መታሁት። ምንም አልሆነም። ደገምኩት፤ አሁንም ምንም። ሳቁ በረታ። እኔ ራሴ እንዲሰበርም እንዳይሰበርም እኩል እመኝ ነበር። እንደ ምንም ኃይሌን ሰብስቤ ስመታው ቀለበቱ ማጋጠሚያው ላይ ተከፈተ። ውስጡ ጥቁር ነበር፤ የተያያዘው ጠርዙ ብቻ፣ ጥፍር የምታህል ነገር። አጎቴ አንስተው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። የወናፉ ቆዳ ተቀዷል፣ ነገ በጠዋት ትሰፋዋለህ ብለውኝ በቅሏቸውን እየሳቡ ሄዱ። ሰውም ወደ ገበያው ወረደ።

እኔና እናቴ በእግራችን ተመለስን። ደጃችን ራቀብን፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

"እኔም ሰምቼው ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"ብረቱን፣ በመዶሻ ስትነካው። የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ሚስት ነኝ እኮ። እንዴት ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?"

"የሠራኸው አንተ፤ እኔ ምን ብዬ ልናገር? አንተ እስክትናገር ጠበቅኩ።"

"ባልናገርስ?"

"ቀስ እያልኩ እወርድ ነበር" አለች። "ምናልባትም ይይዝልን ነበር።"

ንዴት እንደዚያ ቀን ይዞኝ አያውቅም። በእሷ ተናደድኩ፣ በአጎቴ ተናደድኩ፣ ለአንዲት ጎጆ ደጅ ብላ ነፍሷን ጥፍር በምታህል ብረት ላይ ማንጠልጠሏን ሳስበው ልጮኽባት ፈለግኩ። ቤት እስክንደርስ ግን ክንዷን ጭምድድ አድርጌ እንደያዝኩ ነበር፣ አመመኝ እስክትል ድረስ።